ወሬን አጣሩ፣ ጓዳን አትሰልሉ

ወረታ ላይ ከተራዊሕ ሶላት ስንወጣ አንድ የማውቃቸው አባት ከመስጊዱ በር ፈንጠር ብለው ቆመው ጠበቁኝ። የሩዝ መፈልፈያ ቤት አላቸው፤ ቀኑን ሙሉ ከገለባ አቧራ ጋር ሲታገሉ ይውላሉ። በቀለም ትምህርት ብዙም አልገፉም፤ ይሁንና አስተዋይ ስለሆኑ የሰፈሩ ሰው ምክር ይጠይቃቸዋል። ያን ምሽት ግን ምክር ፈላጊው እርሳቸው ነበሩ። ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው «እስቲ ይህን እይልኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

በቴሌግራም የመጣላቸው አጭር ቪዲዮ ነው። እሳት ይታያል፣ ጩኸት ይሰማል። ከሥሩ ከእኛ ብዙም በማይርቅ ከተማ መስጊድ እየተቃጠለ እንደሆነና ሙስሊም የሆነ ሁሉ ቪዲዮውን እንዲያዳርሰው የሚያሳስብ ጽሑፍ አለ። የላከላቸው አዲስ አበባ የሚኖረው የእህታቸው ልጅ ነው።

«ባስተላልፈው ነገ አንዱ ጎረምሳ በንዴት ተነሥቶ የሰው ቤት ላይ እሳት ቢለቅ ወንጀሉ ለእኔም ይተርፈኛል። ባጠፋው ደግሞ፣ እውነት ቢሆንስ? ወንድሞቼ እየነደዱ ዝም አልኩ ማለት ነው። ለመንግሥት ሰዎች ባሳይ ‹ማን ላከልህ? ስልክህን አምጣ› ብባልስ? የእህቴን ልጅ በገዛ እጄ ላሳስረው ነው?» አሉኝ።

ቪዲዮውን ደጋግመን አየነው። የሚጮኹት ሰዎች የሚናገሩት ቋንቋ የአገራችን ቋንቋ አልነበረም። እሳቱም የሌላ አገር እሳት ነው። አባታችን «አልሐምዱሊላህ» ብለው አጠፉት። ጥያቄዎቻቸው ግን ከእኔ ጋር ቀሩ።

መንግሥት በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሰራጨውን የጥላቻ ንግግር ይከታተል ወይስ ሰው ያሻውን ይናገር? ይህ ነገር በአዲስ አበባ የስብሰባ አዳራሾች ሲነሣ የሕግ ባለሙያዎች ክርክር ይመስላል። ለፎገራ ሙስሊም ቤተሰብ ግን የቤት ጉዳይ ነው። እኛ ሙስሊሞች በዚህ ነገር ሁለት ጊዜ ተጎድተናል፤ አንድ ጊዜ ማንም ባላጣራው ወሬ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ስለ ሰላም አዳምጣለሁ ባለ የመንግሥት ጆሮ። ሁለቱንም የቀመሰ ሰው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ፍራ ሲባል እሺ ሊል አይገባውም።

ፊት የሌለው ወሬ

ወረታ የመንገድ መጋጠሚያ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚዘልቀው አስፋልት እዚህ ሲደርስ አንድ ቅርንጫፍ ወደ ምሥራቅ አውጥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልዲያ ይሄዳል። ከሦስቱም አቅጣጫ ሰው ይመጣል፣ ወሬም ይመጣል። ሙስሊሙ በቁጥር ጥቂት ነው። ማሳችን ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ማሳ ጋር ተያይዟል፤ ሩዛችን በአንድ መፈልፈያ ይፈለፈላል። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት ውሃው የማንን ቤት እንደሚወስድ ሃይማኖት አይጠይቅም።

ድሮ ወሬ በመኪና ተሳፋሪ ወይም በገበያተኛ አፍ ሲመጣ ተናጋሪው ፊት ለፊታችን ነበር። «አንተ በዓይንህ አይተሃል?» ተብሎ ይጠየቃል። ሲጠየቅ ይደናገራል፣ ወይም «ሰምቼ ነው» ይላል። ዛሬ ወሬው በስልክ ሲገባ ፊት የለውም፤ የሚጠየቅም የለም።

ወሬና ጥላቻ ሲገናኙ ምን እንደሚያደርጉ ሩቅ ሄደን መማር አያስፈልገንም። በ2011 ዓ.ም. በዚሁ በደቡብ ጎንደር፣ በእስቴ መስጊዶች ተቃጥለዋል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በምሥራቅ ጎጃም ሞጣ ቤተ ክርስቲያን ላይ እሳት ተነሣ መባሉን ተከትሎ አራት መስጊዶች ጥቃት ደረሰባቸው፤ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆችም ወደሙ። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ፣ በረመዳን የመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ውስጥ፣ በጎንደር ከተማ በሼህ ከማል ለጋስ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ የነበሩ ሙስሊሞች ተገደሉ። በወቅቱ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ከፍተኛ ኮሚሽነር የነበሩት ሚሼል ባችሌት ቢያንስ 30 ሰዎች መገደላቸውን የሚገልጽ መረጃ እንደደረሳቸው ተናግረዋል። ያን ዓመት በብዙ ሙስሊም ቤት ለኢፍጣር የቀረበው ሾርባ ሳይነካ ቀዝቅዟል።

ነገሩን በሐቅ እናንሣው ካልን ግን ታሪኩ ጎንደር ላይ አያበቃም። ከሁለት ቀን በኋላ በስልጤ ዞን ወራቤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። የጎንደሩን ግፍ ያልፈጸመ፣ ምናልባትም ጎንደርን አይቶ የማያውቅ የወራቤ ክርስቲያን የሌላውን ዕዳ ከፈለ። የጥላቻ ንግግር ማለት ይኸው ነው። አንዱ ሰው የሠራውን በሃይማኖቱ ወይም በዘሩ ለሚመስለው ሁሉ ማሸከም ነው። በእኛ ላይ ሲሆን ግፍ፣ በሌላው ላይ ሲሆን ብሶት የምንለው ከሆነ ከፍትሕ ወጥተናል።

ስለዚህ «ሰው ያሻውን ይናገር፣ ቃል አጥንት አይሰብርም» የሚለውን አልቀበልም። ቃል አጥንት ሲሰብር አይተናል።

ሕጉ ምን ይላል?

የሞጣ መስጊዶች ከተቃጠሉ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ የካቲት 5 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አጸደቀ። ብዙ ቤተሰብ ስሙን እንጂ ይዘቱን አያውቀውም፤ ስለዚህ ዋና ዋናውን ላንሣ።

አዋጁ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ በሰው ወይም በቡድን ላይ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያስፋፋ ንግግርን ይከለክላል። ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ነው። በንግግሩ የተነሣ ጥቃት ከተፈጸመ ወይም ከተሞከረ እስራቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይሆናል። አንድን ጽሑፍ «ላይክ» ማድረግ ወይም ሰውን «ታግ» ማድረግ እንደ ማሰራጨት አይቆጠርም፤ ለሌሎች ማዳረስ ግን ያስጠይቃል። የጥናት ሥራ፣ ዜናና የፖለቲካ ትችት፣ ኪነ ጥበብ እንዲሁም የሃይማኖት ትምህርት ከክልከላው ውጭ ናቸው። ሐሰተኛ መረጃን በተመለከተም እውነትነቱን ለማረጋገጥ ምክንያታዊ ጥረት ያደረገ ሰው ከተጠያቂነት የሚድንበት መንገድ ተቀምጧል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሱረቱል ሑጁራት በ6ኛው አንቀጹ አመፀኛ ሰው ወሬ ይዞ ቢመጣ ሳናውቅ ሕዝብ ጎድተን እንዳንጸጸት አስቀድመን እንድናጣራ ያዘናል። ሕጉ በ2012 የደረሰበትን ሙስሊሙ ከአሥራ አራት መቶ ዓመት በፊት ታዟል።

ይሁንና ሕጉ ክፍተት አለው። «ጥላቻን ማስፋፋት» የሚለው ሐረግ እንደ ተርጓሚው ሰፊም ጠባብም ሊሆን ይችላል። «በከተማችን የቀብር ቦታ ተከለከልን» ብሎ የጻፈ ሙስሊም ብሶቱን ተናገረ ወይስ ጥላቻ አስፋፋ? በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ መስጊዶች ሲፈርሱ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአክሱም ሙስሊም ሴት ተማሪዎች በሒጃባቸው ምክንያት ከትምህርት ገበታ ሲስተጓጎሉ፣ ነገሩን አገር ያወቀው ቤተሰቦች፣ የእስልምና ተቋማትና በማኅበራዊ ሚዲያ የጻፉ ሰዎች ዝም ባለማለታቸው ነው። ያኔ ድምፃቸው «ግጭት ቀስቃሽ» ተብሎ ቢታፈን ኖሮ ብሶቱ አይጠፋም፤ መሰማቱ ብቻ ይቀር ነበር።

የምናውቀው ጆሮ

ይህን የምለው ከግምት ተነሥቼ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. ከአወሊያ ትምህርት ቤት ተነሥቶ በየጁምዓው በየመስጊዱ የተስፋፋውን የ«ድምፃችን ይሰማ» እንቅስቃሴ የዛሬ ወላጆች ያስታውሱታል። ጥያቄው መንግሥት በሃይማኖታችን ጉዳይ ጣልቃ አይግባ፣ መሪዎቻችንን ራሳችን እንምረጥ የሚል ነበር። ሐምሌ 2004 ላይ የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴው አባላት ታሰሩ፤ በፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ተከሰሱ። ጉዳያቸው ገና በፍርድ ቤት እያለ፣ ጥር 28 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ፍርድ ቤት ያወጣው እግድ ሳያግደው «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተባለው ፊልም በመንግሥት ቴሌቪዥን ታየ። ሐምሌ 27 ቀን 2007 ዓ.ም. 18 ሰዎች ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ከእነርሱ መካከል «የሙስሊሞች ጉዳይ» መጽሔት ዋና አዘጋጅ የነበረው ጋዜጠኛ ይገኝበታል። የመጨረሻዎቹ እስረኞች ከእስር የወጡት በ2010 ዓ.ም. ነው።

በዚያው ዘመን ሂዩማን ራይትስ ዎች መጋቢት 2006 ባወጣው ዘገባ የተጠለፉ የስልክ ንግግሮች በምርመራ ክፍል ለታሳሪዎች እንደሚሰሙ አስፍሯል። ከዐረብ አገር ወይም ከአሜሪካ ከልጅ የመጣ ስልክ ማንሣት የሚያስፈራበት ጊዜ ነበር።

መሪዎቹ ከእስር ወጥተዋል፤ የፀረ ሽብር ሕጉም በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 ተተክቷል። ያለፈውን የማነሣው ቂም ለመቆስቆስ አይደለም። ትምህርቱ ግን መረሳት የለበትም። ያኔም ማዳመጡ የተጀመረው «ስለ ሰላም» እየተባለ ነበር። ሰላም የሚለው ቃል ቆንጆ ነው፤ ገደብ ያልተበጀለት ጆሮ ግን ብሶትንና ጥላቻን ለይቶ አይሰማም።

ሑጁራት ሁለቱን በአንድ ላይ አስቀመጠ

እዚህ ላይ ወደዚያችው ሱራ እንመለስ። ሑጁራት በ6ኛው አንቀጽ ወሬን አጣሩ ትላለች። በ11ኛው አንዱ ሕዝብ ሌላውን እንዳያፌዝበት፣ በክፉ ቅጽል ስም እንዳይጠራራ ትከለክላለች፤ ዛሬ የጥላቻ ንግግር የምንለው በአመዛኙ ከዚህ ይጀምራል። ወዲያው በ12ኛው አንቀጽ ደግሞ ክፉ ጥርጣሬን፣ የሰውን ምሥጢር መሰለልንና ሐሜትን በአንድ ላይ ትከለክላለች። አላህ ምላስን ሲያስር ጆሮንም አስሯል። ስለ ጥላቻ ንግግር የሚያስብ ሙስሊም ግማሹን አንቀጽ ይዞ ግማሹን ሊተው አይችልም።

የኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ታሪክ በዚህ ጉዳይ ይተረካል። ሌሊት መዲናን ሲዘዋወሩ ከአንድ ቤት አጠራጣሪ ድምፅ ሰምተው በግንብ ተሻግረው ገቡ፤ ሰውየውንም ጥፋት ላይ አገኙት። ሰውየው ግን እኔ አንድ ጥፋት ባጠፋ አንተ ሦስት አጥፍተሃል አላቸው፤ መሰለል ተከልክሎ ሳለ ሰለልክ፣ በበር መግባት ታዞ ሳለ በግንብ ገባህ፣ ሳታስፈቅድና ሰላም ሳትል ገባህ። ዑመር ያን ያህል ኃይል ያላቸው መሪ ሆነው ሳለ ጥፋታቸውን አምነው ሰውየውን ትተውት ሄዱ። ጥፋትን የሚያድን መሪ ራሱ በበር መግባት አለበት።

ለዛሬው መንግሥት «በር» ማለት ሕገ መንግሥቱና ፍርድ ቤት ናቸው። አንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የምናደርገውን ግንኙነት ጭምር ከጣልቃ ገብነት ይጠብቃል። አንቀጽ 29 ሐሳብን በነፃነት የመግለጽ መብትን ያስቀምጣል፤ ገደቡም በሕግ እንጂ በባለሥልጣን ስሜት እንዳይሆን ያዛል።

ጥላቻ ተመልካች ይፈልጋል

አንድ ወዳጄ ይህን ሐሳቤን ሲሰማ «እኛ ጥቂት ነን፤ መንግሥት ካላዳመጠልን ማን ይደርስልናል?» አለኝ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ብዙ ቁጥር ያለው ራሱን ይጠብቃል፤ ጥቂቱ ከሕግ ሌላ ጠባቂ የለውም።

ግን እንመርምረው። ሕዝብን የሚያነሣሣ የጥላቻ ንግግር በባሕርይው አደባባይ የሚወጣ ነገር ነው። ተመልካች፣ አጨብጫቢና አዳራሽ ይፈልጋል። በቲክቶክ ቀጥታ ስርጭት ሙስሊሙን የሚሳደብ ሰው፣ በዩቲዩብ ክርስቲያኑን የሚያጥላላ ሰው ሁሉም እያየው ነው የሚናገረው። እርሱን ለመያዝ የማንንም ጓዳ መክፈት አያስፈልግም። በጎንደርም ነገሩ የተነሣው በጠራራ ፀሐይ፣ በቀብር ላይ፣ በሕዝብ ፊት ነበር። ያጣነው የሚሰማ ጆሮ አልነበረም፤ በጊዜ የሚደርስ እጅ ነበር። እንግዲህ «ጥላቻን ለመያዝ የቤተሰባችሁን የስልክ ወሬ ልስማ» የሚል ቢመጣ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። በድብቅ ቡድን ጥቃት የሚያሴር ካለ እርሱን የሚመለከት የፍርድ ቤት ትእዛዝ ማውጣት ይቻላል፤ ይህ በበር መግባት ነው።

አደባባይ የወጣውንም ቢሆን እንዴት እንለየው? በሞሮኮዋ ርዕሰ ከተማ ራባት፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ በተባበሩት መንግሥታት አስተባባሪነት የተሰባሰቡ ባለሙያዎች ስድስት ጥያቄዎችን አስቀምጠዋል። ነገሩ በምን ሁኔታ ውስጥ ተነገረ? የተናገረው ማን ነው? ምን አስቦ ነው? ምን አለ፣ እንዴትስ አለው? ለስንት ሰው ደረሰ? ጉዳት የማድረስ ዕድሉስ ምን ያህል ነው? በሻይ ቤት ተናዶ ለአምስት ጓደኞቹ ክፉ ቃል የጻፈ ልጅና መቶ ሺህ ተከታይ ይዞ በቀብር ቀን «ተነሡባቸው» የሚል ሰው በእነዚህ ጥያቄዎች ሲመዘኑ እኩል አይሆኑም። ልጁን አባቱ ይምከረው፤ ሁለተኛውን ሕግ ይጠይቀው።

ይህ መለኪያ ካልተያዘ ሕጉ የሚደርስበትን ብቻ ይይዛል። ብዙው መርዝ የሚረጨው ከባሕር ማዶ ነው፤ ጸሐፊው በዋሽንግተን ወይም በአውሮፓ ተቀምጦ ተከታይ ሲሰበስብ የሚታሰረው ያስተላለፈው የወረታ ወይም የአዲስ ዘመን ልጅ ይሆናል።

ባለቤቱስ የት አለ?

ስለዚህ ከመንግሥት ቀጥሎ ባለ መድረኮቹ ይጠየቁ። አዋጁ ጥቆማ ሲደርሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ የጥላቻ ንግግርን እንዲያነሡ ይጠብቅባቸዋል። ባሕር ዳር ከእኛ የአንድ ሰዓት መንገድ ናት። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ትግራዋዩ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ከግድያው በፊት ስማቸውና ፎቶአቸው በፌስቡክ ከክስ ጋር ተሰራጭቶ ነበር። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሡ ለኩባንያው ደጋግሞ ማመልከቱን፣ የሰማው እንዳልነበረ ተናግሯል። ከሌሎች ጋር ሆኖ ታኅሣሥ 2015 ላይ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ኬንያ ውስጥ ከሰሰ፤ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወስኗል።

ሟቹ ሙስሊም አልነበሩም። ግን በርማ ውስጥ በሮሂንጋ ሙስሊሞች ላይ የሆነውን ያነበበ ሰው መንገዱ አንድ መሆኑን ያያል። እ.ኤ.አ. በ2017 ከ700,000 በላይ ሮሂንጋዎች ወደ ባንግላዴሽ ሲሰደዱ ፌስቡክ የጥላቻ መስፋፊያ ሆኖ ነበር፤ ኩባንያው ራሱ በዓመቱ በቂ ሥራ አልሠራሁም ብሎ አምኗል። አማርኛን፣ ኦሮምኛን፣ ትግርኛንና የአገሩን ሁኔታ የሚያውቁ በቂ ሠራተኞች ሳያሰማሩ ከሕዝባችን ዓይን ገንዘብ መሰብሰብ ተገቢ አይደለም።

መንግሥት በበኩሉ ቁጥጥር ሲከብደው የሚወስደው ሌላ እርምጃ አለ፤ ሁሉንም መዝጋት። ከየካቲት 2015 ጀምሮ ለአምስት ወራት ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገሪቱ ተገድበው ነበር። ከዚያም ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። የ2016ን ረመዳን በክልላችን ያሳለፍነው በዚያ ሁኔታ ነው። ከዐረብ አገር ልጃቸው በኢሞ ስትደውልላቸው ፊቷን ያዩ የነበሩ እናቶች ዒድን ድምፅ ብቻ እየሰሙ፣ አንዳንዴም ሳይሰሙ አሳለፉ። ወሬው ግን አልቆመም። የቆመው ማጣሪያው ነው። «እውነት ነው ወይ?» ብሎ የሚጠየቅበት መንገድ ሲዘጋ ሰው በሰማው የመጀመሪያ ነገር ያምናል።

የፎገራ ገበሬ ይህን ያውቀዋል። ክረምት ላይ ውሃ የሚተኛበት ይህ ሜዳ ድሮ ለእህል አይመችም ይባል ነበር። ሩዝ ከመጣ ወዲህ ግን ያው ውሃ እንጀራ ሆነ። ጎርፍ በሚሰብርበት ቦታ ካብ ይሠራል፤ ወንዙ ግን አይደፈንም። ወንዙ ቢደፈን ሩዙም የለም። ንግግርም እንዲሁ ነው፤ በሚያጠፋበት ቦታ ይገደብ፣ በሚያለማበት ይለቀቅ።

እንጠይቅ፣ እኛም እንጠየቅ

ከመንግሥት የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ክትትሉ አደባባይ በወጣ ንግግር ይወሰን፤ የግል መልእክት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አይነካ። ስንት ጥቆማ እንደቀረበ፣ በየትኛው ሃይማኖትና ብሔር ላይ እንደተሰነዘረ፣ ስንቱ ለፍርድ እንደቀረበ በየዓመቱ ለሕዝብ ይነገር። በሙስሊሙ ላይ የተሰነዘረ ስድብ «ሐሳብን መግለጽ»፣ የሙስሊሙ ብሶት ደግሞ «ቅስቀሳ» እየተባለ በሁለት ሚዛን እንዳይመዘን የምናውቀው በዚህ ብቻ ነው። የሚከታተለው ተቋምም ከፖለቲካ ነፃ ይሁን። ጠቋሚውም ሳይፈራ የሚጠቁምበት፣ «ስልክህን አምጣ» የማይባልበት መንገድ ይኑር። ካልሆነ እንደ እኚያ አባት ያሉ ሰዎች እያወቁ ዝም ይላሉ።

የቤታችን ድርሻ ደግሞ አለ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ሰው የሰማውን ሁሉ ማውራቱ ብቻ ለውሸታምነት እንደሚበቃው አስተምረዋል። የሐሰት ንግግርንና ተግባሩን ያልተወ ሰው ምግብና መጠጥ መተዉ አላህ ዘንድ ጉዳይ እንደሌለውም ነግረውናል። ከሱሑር እስከ ኢፍጣር አፋችንን ከውሃ ጠብቀን ጣታችንን ከስልኩ ካልጠበቅን ጾማችንን እንመርምር። ሦስት ነገር ከልጆቻችን ጋር እንስማማ። ያላጣራነውን አናስተላልፍ። መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ የሚል ወሬ ሲመጣ በቅድሚያ ቦታው ላይ ላለ ዘመድ እንደውል፤ ኢማሞቻችንም ከካህናቱ ጋር ስልክ ይለዋወጡ፣ ክፉ ቀን ሳይመጣ ይተዋወቁ። ሦስተኛው ከባዱ ነው፤ ከእኛ ወገን የሆነ ሰው ክርስቲያኑን ሲሳደብ በቡድናችን ውስጥ «ይህ አይሆንም» እንበለው። የሌላውን ስድብ ብቻ የሚጠቁም ሰው ፍትሕ ሳይሆን ብልጫ ነው የሚፈልገው።

በማግስቱ እኚያ አባት በመፈልፈያው ቤት ሥራ ላይ ሆነው አገኘኋቸው። ለእህታቸው ልጅ ደውለውለት ነበር። «ምን አሉት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እሳቱ የሰው አገር ነው አልኩት። ‹ለስንት ሰው ልከኸዋል?› ስለው ‹ለዘጠኝ› አለኝ። ለዘጠኙም ደውለህ ውሸት ነው በል አልኩት» አሉኝ። ደወለላቸው ወይ ብዬ አልጠየቅሁም፤ ከፊታቸው ግን መደወሉን የተረዱ ይመስሉ ነበር።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ ምላሳችንንም ጆሯችንንም ይጠብቅልን። ረመዳን ከሪም።